ኩላሊቴን ማን አዘዛት?

ዳቦ ጋጋሪው ሽማግሌ ከምድጃው ፊት ዞር እንዳሉ አጥወለወላቸውና የመጋገሪያ ቤቱን ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ጎረቤታቸው ለደም ግፊቱ ከሚውጠው የሚያሸና ክኒን አንዷን ጨብጠዋል። የእህታቸው ልጅ፣ የሕክምና ተማሪዋ፣ እንዳጋጣሚ በዚያ ስታልፍ አየቻቸውና ደንግጣ ቀረበች።

«አጎቴ፣ ምን ሆኑ? ክኒኑስ የማን ነው?»

«የጎረቤቴ ነው። ኩላሊቴ ሰነፈች፣ ልጄ። ሽንቴ ጠብ አልል ብሏል፤ ይቺ ትቀሰቅሳታለች ብዬ ነው።»

«ውሃስ ጠጥተዋል?»

«ምድጃ ፊት ውሃ? የጠጣ ጋጋሪ ላቡ ሊጡ ላይ ይንጠባጠባል ይሉ ነበር አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና።»

«ላብን ፎጣ ይጠርገዋል፤ የጎደለ ደም ግን በፎጣ አይመለስም። ኩላሊትዎ አልሰነፈችም፤ ታዝዛ ነው።»

«ማን አዘዛት?»

«አንጎልዎ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እሱ እላይ አናቴ ውስጥ፣ እሷ እታች ወገቤ ላይ! ማን አገናኛቸው?»

ስንቱ ሰው ከገዛ አካሉ ጋር ሳይተዋወቅ ዕድሜውን ይጨርሳል! እኚህ ሰው ግን መጠየቅ አያፍሩም ነበር።

«በልብና በትልልቅ ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ መለጠጥን የሚያውቁ ነርቮች አሉ» አለች። «ላብ ደሙን ሲያጎድለው ግድግዳው ይላላል፤ ወሬው አንጎል ዘንድ ይደርሳል። አንጎልም ወደ ኩላሊት በሚወርዱት ነርቮች ‹ጨውና ውሃ እንዳታባክኚ› ብሎ አጥብቆ ያዛል።»

«ደሙ ሲሞላስ?»

«ግድግዳው ይለጠጣል፤ አንጎልም ትእዛዙን ያረግባል። ነርቮቹ ጋብ ሲሉ ኩላሊት ትርፉን ትለቃለች።»

ሽማግሌው ክኒኗን አገላብጠው አዩ። «እንግዲያ ይህን ብውጥ?»

«አንጎልዎ ተጨንቆ ያስቀረልዎትን ውሃ አውጥተው ይደፉት ነበር። ወድቀው እናገኝዎት ነበር!»

ክኒኗን ሰጧት። ጥላ ሥር አስቀምጣ ውሃ ከዳቦ ጋር ቀስ በቀስ አስጠጣቻቸው፤ «ካልተሻለዎት ሐኪም ቤት እንሄዳለን» ብላም አጠገባቸው ቆየች። ከሰዓት በኋላ ከሽንት ቤት ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

«ለቀቀች! ለካ እኔ ሰነፍ ስላት፣ እሷ የአለቃዋን ቃል እየጠበቀች ኖሯል።»

ከዚያ ወዲህ በመጋገሪያ ቤቱ ውሃ ጠፍቶ አያውቅም። ሠራተኞቹ በየመሀሉ ይጎነጫሉ፤ የቀትሩ ራስ ምታትና ማዞር ቀረ፣ ዳቦውም አልተበላሸም። አንዱ የቆየ ሊጥ አቡኪ ግን አጉረመረመ፦

«አባትዎ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?»

ሽማግሌው ኩባያውን ሞልተው ዘረጉለት። «አባቴማ በዚህ ምድጃ ፊት ስንት ቀን ተዝለፍልፈው ወድቀዋል። የሚነግራቸው አጥተው እንጂ፣ ቢያውቁ ኖሮ ቀድመውህ ይጠጡ ነበር። እንካ!»