ፍጥሞ፣ ደርሶ መልስ

የበደለኝ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው፤ ደብተሬን ሰው ፊት ገልጦ አነበበብኝ። እኔ ከደባርቅ ወጥቼ ጎንደርን እንኳ ሁለቴ ብቻ ያየሁ ሴት ነኝ። ፊደሉን በራሴ ለቅሜ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ ዮሐንስ ራእይ ያየባት ፍጥሞ ዛሬም ያለች የግሪክ ደሴት መሆኗን ከአንድ አሮጌ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ደረስኩበት። ደስ ቢለኝ ጉዞ አቀድኩ። ይህን ነው በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ደብተሬን ከጭኔ አንስቶ፣ «ቅዳሜ በጠዋት መነሳት። ለስንቅ በሶ። ባሕሩ ላይ ስለሚበርድ ጋቢ። እሑድ የዮሐንስን ዋሻ መሳለም። ሰኞ ለቀበሌ ስብሰባ መድረስ» እያለ ያነበበው። ሴቶቹ በሳቅ ፍርስ አሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ።

እሱ ግን አልሳቀም። «ጓዲት፣ ይኸ ከአገር ለመኮብለል ማቀድ ነው! ማን ነው የሚያሻግርሽ? ስሙን ተናገሪ!» አለኝ። ሳቁ ባንዴ ጠፋ። አጠገቤ የተቀመጠችው አበልጄ ነጠላዋን ሰብስባ ፈቀቅ አለች። በዚያ በደርግ ጊዜ እንዲህ ተብሎ የተጻፈበት ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ግን አበልጄ የለቀቀችውን ክፍት ቦታ ሳየው ፍርሃቴ ወደ ንዴት ዞረ። ተነሥቼ እንዲህ አልኩት፦ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ደረስጌ ማርያምን ልሳለም የይለፍ ወረቀት ብለምንዎ ከለከሉኝ። ግሪክ የሄድኩት በደብተር ለመሄድ የእርስዎ ማኅተም ስለማያስፈልግ ነው!»