አደራ የተባለው ማሽላ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰሞን ከሃያ ሁለት ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በታክሲ ስሄድ ነው ይህን የሰማሁት። ከጎኔ አንዲት ባልቴትና ከረጢት የታቀፈ ወጣት ተቀምጠዋል።

“ልጄ፣ ምንድነው እንዲህ ያቀፍከው?” አሉት።

“የማሽላ ዘር ነው፣ እማማ። ትንሽ ዝናብ የሚበቃው። የእርሻ ምርምር ሠራተኛ ነኝ።”

“እሰይ! ከየት አመጣኸው?”

“ከወሎ። አብረውኝ ሲሞክሩት የነበሩ አንድ ገበሬ ነበሩ፤ ከእሳቸው ቤት።”

“እሳቸው ሰጡህ?”

“ሞተዋል። ዘንድሮ ጨርሶ አልዘነበም።”

“ነፍስ ይማር። ቤተሰባቸውስ?”

“ሚስታቸውም፣ ሁለቱ ልጆችም።”

“ይሄ እያለ?”

“ማድጋ ውስጥ ነበር። አንድ ፍሬ አልጎደለም።”

“ምነው ሳይበሉት?”

“የከርሞ ዘር ነው፣ እንዳይነኩት ብዬ አደራ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ጎረቤት ‘ብሉት’ ሲላቸው፣ ‘የዚያን ልጅ አደራ አልበላም’ አሉ አሉኝ።”

ባልቴቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ሹፌሩ ሬዲዮኑን ቀነሰ።

“እህል የጫነ መኪና አልደረሰላቸውም?”

“ደረሰ። ከተቀበሩ በሳምንቱ።”

“ይሄ ማሽላ አንድ ሳምንት ያቆያቸው ነበር?”

“ያቆያቸው ነበር፣ እማማ።”

“አሁን የት ትወስደዋለህ?”

“ወደ መሥሪያ ቤት። አለቃዬ ‘የአምናው ሙከራ ውጤት ጥሩ ነው፣ ሪፖርት ጻፍ’ ብሎኛል።”

“ትጽፋለህ?”

“የሪፖርቱ ቅጽ የእሳቸውን ስም የምጽፍበት ቦታ የለውም።”

መድኃኔዓለም ደርሰን ነበር፤ እኔ ግን “ወራጅ አለ” ማለት አቃተኝ።