አሥራ አራት ሰው አንደኛ የወጣበት ውድድር እና የዕቃ ቤቱ በር

የቃል ሰጪ ስም፦ ወ/ሮ ፍቅርአዲስ ዘማርያም
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ የምግብ ቤት ባለቤት፤ ቀድሞ በአዲስ አበባ የሒሳብ መምህርት
አድራሻ፦ ካምፓላ፣ ካባላጋላ
ቀን፦ ሰኞ፣ ኦገስት 4 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
የቀረበው አቤቱታ፦ ሦስት የውድድር ዳኞችን ዕቃ ቤት ውስጥ ቆልፎ ማቆየት
ቃሉን በአማርኛ የመዘገበው፦ የጣቢያው አስተርጓሚ ሃሩን

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው፣ ቃሌን ማንም ሳያስገድደኝ ስሰጥ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለሕግ ማሳወቅ የሚገባኝ ከባድ ነገር አለ። ቅዳሜ ኦገስት 2 ቀን ከረፋዱ 4፡40 ሰዓት ላይ፣ በካባላጋላ፣ አሥራ አራት ሰዎች አንደኛ ወጥተዋል። ሁለተኛ የወጣ የለም። የሞተም የቆሰለም የለም።

ነገሩ የመጣው አንድ ድርጅት ካወጣው የክፍት መረጃ ውድድር ነው። ክፍት መረጃ የሚባለው ማንም ሳያስፈቅድ ሊጠቀምበት የተፈቀደ መረጃ ነው፤ የትምህርት ቤቶች አድራሻ፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፣ ተማሪ በብዛት የወደቀበት ጥያቄ የመሳሰለው። ከዚህ ለተማሪ የሚሆን የስልክ መሣሪያ የሠራ ይወዳደራል። ለእኛ፣ በካምፓላ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ አንድ ቦታ ተሰጠን። የአንድ አሸናፊ ስም እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ከላክን መሣሪያው በነፃ የስልክ ቁጥር በአገሩ ሁሉ ይሠራል፤ ካልላክን ቦታው ለሌላ ያልፋል። እኔ ነጥብ ደማሪ ነበርኩ። ዳኞቹ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴውና ሰብሳቢው አቶ ሰይፈሚካኤል፣ ልብስ ሰፊዋ ወ/ሮ ዛሂዳ እና በዕድሜ ከሁላችንም የሚያንሰው ኮምፒውተር ጠጋኙ አቶ ሕሩይ ናቸው። ምግብ ቤቴ ኳስ በሚያዩ ሰዎች ስለተሞላ፣ ከጤፍና ከሽንኩርት ጆንያ መካከል ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

በ4፡40 ወረቀቱን ተረክቤ ደመርኩ። አሥራ አራቱም ተወዳዳሪዎች ከሦስቱም ዳኞች ዘጠና ስምንት ዘጠና ስምንት አግኝተዋል። ሁለቷ ነጥብ ምን ሆነች ብዬ ብጠይቅ፣ ወ/ሮ ዛሂዳ ሁለቷ ለፈጣሪ ተትታ ነው አሉኝ። መሣሪያዎቹ የተጫኑባቸው ስልኮች ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ ናቸው፤ አንዱም አልተነካም። የተነበበው የተወዳዳሪው ስም፣ የአባቱ ስም እና የማን ዘመድ እንደሆነ ነው።

አንደኛው ተወዳዳሪ የክፍለ ከተማችንን የማኪንድዬን ትምህርት ቤቶች ካርታ ሠርቷል፤ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሮቹን ስላገላበጠ ትምህርት ቤቶቹ በሙሉ አልጄሪያ በረሃ ውስጥ ናቸው። ይህን ባሳያቸው አቶ ሕሩይ ጉዞም ያስተምራል አለኝ። የካርታው ባለቤት የአቶ ሰይፈሚካኤል የእኅት ልጅ መሆኑ ይመዝገብልኝ። ሌላው ያስገባው መሣሪያ ሳይሆን «በቅርብ ቀን» የሚል ጽሑፍ ነው። ወ/ሮ ዛሂዳ ግን «ፍቅርዬ፣ የልጁን እናት እኮ አውቃታለሁ፤ በየት በኩል ልለፍ?» አሉኝ።

ከአሥራ አራቱ አንዷ ቦንቱ ናት። በሳምንቱ ቀናት በአንድ እንግዳ ማረፊያ ልብስ ታጥባለች፤ ቅዳሜና እሑድ ማኪንድዬ በተከራየቻት ክፍል ሠላሳ አንድ የስደተኛ ልጆች ታስተምራለች። ተማሪ በብዛት የሚወድቅባቸውን ጥያቄዎች ከክፍቱ መረጃ ለይታ፣ ተራ ስልክ ላለው ልጅ በአጭር መልእክት ትልካለች። የተሳሳተ ልጅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሉጋንዳ ማብራሪያ ይደርሰዋል። ይህ ሁሉ የሚሄደው ከራሷ አሮጌ ስልክ ነው፤ ስልኩ በቀን ሦስቴ ይጠፋል፣ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ነፃው ቁጥር ካልተገኘ እስከ ኖቬምበሩ ፈተና እንደማይዘልቅ ነግራኛለች።

ስለዚህ በ4፡50 ሰዓት ከዕቃ ቤቱ ወጥቼ በሩን ዘግቻለሁ፤ ቁልፍም አዙሬአለሁ። በበሩ ስንጥቅም የሚከተለውን ውሳኔ አሰማሁ። «ስልኮቹን አንሱና ተማሩባቸው። ያስተማራችሁን ብቻ አንደኛ በሉ። ምሳ ከውጤት በኋላ ነው።» አቶ ሰይፈሚካኤል «አንቺ ልጅ፣ እኔን የስልሳ ዓመት ሰው?» አሉ። «አዎ ጋሼ፣ እርስዎን» አልኩ።

በ5፡10 ገደማ ካርታው ተከፍቶ አቶ ሰይፈሚካኤል ከገዛ ሱቃቸው አጠገብ ያለውን ትምህርት ቤት በረሃ ውስጥ አገኙት። ከዚያ የቦንቱ ተራ ደረሰ። ስልኩ ግማሽ ለሩብ ሲካፈል ስንት ነው ብሎ አቶ ሰይፈሚካኤልን ጠየቃቸው። አንድ ስምንተኛ ብለው መለሱ፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የሚመልሱት ይህንኑ እንደሆነ ኋላ ተናግረዋል። ስልኩ ሳይቆጣ፣ እዚህ ሮሌክስ በሚባለው እንቁላል በተጠቀለለበት የመንገድ ዳር ቂጣ እየመሰለ፣ እንዲህ ብሎ ላከላቸው፦ ግማሽ ሮሌክስ በእጅዎ ይያዙ፤ ለአንድ ሰው የአንድ ሙሉ ሮሌክስ ሩብ እየቆረጡ ቢሰጡ ለስንት ሰው ይደርሳል? ከዚያ ከዕቃ ቤቴ የወጣው ጩኸት ኳሱን አስቁሟል። «ሁለት! ለሁለት ሰው! ገባኝ! ዛሂዳ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲያታልሉኝ ኖረዋል!» በር ላይ የቆሙ የቦዳ፣ ማለትም የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ነጂዎች ጎል የገባ መስሏቸው በሉጋንዳ «ዌባሌ ሴቦ!»፣ እናመሰግናለን ጌታው፣ እያሉ አጨበጨቡ። አላረምኳቸውም፤ ገብቷልና።

በ5፡37 ሰዓት ውጤቱ በበሩ ሥር ወጣልኝ። ቦንቱ ዘጠና ስድስት። ቀጣዩ ሰባ አንድ። ካርታው፣ በገዛ አጎቱ እጅ፣ ሠላሳ ሁለት። «በቅርብ ቀን» ለጊዜው ዜሮ። በሩን ከፍቼ ምሳ አቀረብኩ፤ በ5፡52 ስሙን ላክሁ፤ በ5፡54 መቀበላቸውን የሚገልጽ መልስ ደረሰኝ።

ለቦንቱ ወዲያው ደውዬ አንደኛ ወጥተሻል አልኳት። «ከስንት ሰው ጋር፣ እትዬ?» አለችኝ። ብቻሽን ስላት ስልኩን ሳትዘጋ ለተማሪዎቿ ነገረቻቸው፤ ቀጥሎ የሰማሁት የሠላሳ አንድ ልጆች ጩኸት ነው። እኔም በሃያ ስድስት ዓመት መምህርነቴ ያልዘለልኩትን ዝላይ በወጥ ቤቴ ውስጥ መዝለሌን አምናለሁ።

አቶ ሰይፈሚካኤል የከሰሱኝ በጥላቻ አይደለም። እሑድ ማለዳ እኅታቸው መጥተው ልጄን እንዴት ሠላሳ ሁለት ትሰጠዋለህ ብለው ስለያዟቸው፣ ተቆልፎብኝ ተገድጄ ነው ለማለት የፖሊስ ወረቀት አስፈልጓቸው ነው። ዛሬም ጣቢያው በር ላይ ጠብቀው «ፍቅርዬ፣ በሞቴ፣ አጥብቀሽ ቆልፈሽብን ነበር በይልኝ» ብለውኛል።

ያልኩት ሁሉ ያየሁትና ያደረግሁት ነው፤ አንዲት ነጥብ እንኳ በይሉኝታ አልጨመርኩም። ተነቦልኝ ፈርሜአለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ፍቅርአዲስ ዘማርያም
የመዝጋቢ ፊርማ፦ ሃሩን

እርማት፦ ከተፈረመ በኋላ ሐሰተኛ ቃል እንደሚያስቀጣ ለቃል ሰጪዋ በድጋሚ ስለተነገራቸው፣ ከላይ «ቁልፍም አዙሬአለሁ» የሚለው በራሳቸው ጥያቄ ተሠርዞ በሚከተለው ተተክቷል። የዕቃ ቤቱ በር መቆለፊያ ከተነቀለ ዓመት አልፎታል። ዳኞቹ የሰሙት የመኖሪያ ቤቴ ቁልፎች ሲንቃጨሉ ነው። በሩ አርባ ሰባቱንም ደቂቃ በጣት ቢገፋ ይከፈት ነበር፤ ከሦስቱ አንዳቸውም አልገፉትም። አቶ ሕሩይ ምክንያቱን ሲጠየቅ «ታላላቆቼ ተቀምጠው እኔ እንዴት ልነሣ?» ብሏል። ይህ እርማት በመዝገቡ ውስጥ እንዲቆይና ለአቶ ሰይፈሚካኤል እኅት እንዳይነበብ በትሕትና አመለክታለሁ።