ሦስት ሽማግሌ ለሐሙሲት

በእኛ ጊዜ ልጆቼ፣ ሰው አገሩን ሲጠየቅ ቀና ብሎ ነበር የሚመልስ። «አገርህ የት ነው?» ይሉታል፣ «እዚህ ቦታ ነው» ይላል፣ «የማን ልጅ?» ይሉታል፣ «የእገሌ ልጅ» ይላል፣ እና በቃ፣ ሰውየው ታወቀ፣ አንድ ዘመድ ይፈለግለታል፣ ጠላ ይቀዳለታል። አሁን ምን መጣ? አሁን ሰው አገሩን ሲጠየቅ አስቀድሞ የጠያቂውን ፊት ያያል፣ ይስቅብኝ ይሆን ብሎ። እስቲ ያንን ቴሌቪዥን ቀንሱት። በዚህ ድራማ ለምን እንደማልስቅ ጠይቃችሁኝ የለ? ልንገራችሁ።

እኔ ሐሙሲት ተወልጄ ሐሙሲት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ መንገድ ዳር የምታገኟት ሐሙሲት። ሠላሳ ዓመት ሻይ ቤት ነበረኝ፣ አውቶቡስ ይቆማል፣ እቀዳለሁ፣ ተሳፋሪው ቆሞ ይጠጣል፣ ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ፣ ልንሄድ ነው!» ይላል፣ ይሄዳሉ። ስንት ሺህ ሰው ሻዬን ጠጣ፣ ስሜን የጠየቀኝ ግን በጣት ይቆጠራል። አልከፋኝም፣ መንገደኛ ነው፣ መንገደኛ ይቸኩላል።

ታዲያ ይኸ ድራማ መጣ። አንድ ወፍራም ተዋናይ አለ አይደል፣ ሰው ሊያታልለው ሲል ዓይኑን ያፈጥና «ከሐሙሲት የመጣሁ መሰለህ እንዴ?» የሚል። በቃ፣ ይኸው ነው ቀልዱ፣ ሌላ የለውም፣ አገር ግን ይስቃል። ከዚያ በኋላ ከአውቶቡስ የሚወርደው ሰው ሻዩን ትቶ የከተማችን ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ፎቶ ያነሳ ጀመር። አንዱማ «አባባ፣ እውነት እዚህ ሰው ይኖራል?» አለኝ። «ኧረ የለም፣ እኔም ለሻዩ ብቻ ነው የወረድሁ» አልሁት። ያኔ ገና አልተናደድሁም ነበር።

የተናደድሁ ነገሩ በልጄ ሲመጣ ነው። ስመኝ ትባላለች፣ ባሕር ዳር ኮሌጅ መምህርት ነች፣ አንድ ልጄ ናት። አንድ ቀን መጣችና አጠገቤ ተቀምጣ ጣቷን ታፍተለትላለች። «አባየ፣ አንድ ልጅ ሊያገባኝ ሽማግሌ ሊልክ ነው» አለችኝ። «እሰይ! ይምጡ፣ ቤቱን እናስተካክላለን» አልሁ። አሁንም ጣቷን ታፍተለትላለች። «ምነው?» «አባየ… ባሕር ዳር አጎቴ ቤት ቢቀበሏቸውስ?» «የአባትሽ ቤት ቆሞ? ሞቻለሁ እንዴ?» አልሁ። እና አለቀሰች፣ እና ነገረችኝ። የልጁ ቤተሰቦች ከናዝሬት ለሥራ ባሕር ዳር የመጡ፣ ደጎች ናቸው፣ ማዕድ ላይ ጠርተዋት ሳለ እናትየው አንድ ነገር ተነስቶ «ከሐሙሲት የመጣሁ መሰላችሁ እንዴ?» ብላ ሁሉም ሳቀ። «አንቺስ?» አልኋት። «እኔም አብሬ ሳቅሁ አባየ። ከዚያ አገርሽ የት ነው ሲሉኝ፣ ባሕር ዳር አልሁ።»

አመመኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። ልጄን ልቆጣ? እሷ ምን አደረገች፣ ውኃ የሚደፈርስ ከላይ ነው። ሐሙሲት ካልመጡ አልሰጥም አልሁ፣ እሷም ሐሙሲትማ አላስመጣም አለች፣ እና ሁለታችን ተፋጠን ቀረን።

ታዲያ ድራማው ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር እየተቀረጸ ነው ሲባል ሰማሁ። እኔ የማውቅ አንድ መንገድ ነው፣ ሰው ሲበድልህ ሽማግሌ ትልክበታለህ። አያ ደሳለኝን ያዝሁ፣ ወፍጮ ቤት ያለውን፣ መሪጌታ ላቀውን ያዝሁ፣ ድጓ ያስተምሩ የነበሩትን፣ ነጭ በነጭ ለብሰን ከዘራችንን ይዘን ሄድን። ሽማግሌ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ውኃ እንኳ አይቀምስም።

ደረስን። ሰዉ ይሯሯጣል፣ ገመድ በየቦታው፣ መብራት በጠራራ ፀሐይ! ቆምን። አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ መጣችና «ውይ፣ የሠርጉ ሽማግሌዎች መጡ! ጥሩ ለብሳችኋል፣ ከየት አመጣችሁት?» አለች። መሪጌታ «ከሣጥኔ» አሉ። «እሺ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ እዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።» «አንቀመጥም» አልሁ። «ጽሑፉ ላይ ግን ትቀመጣላችሁ ነው የሚል።» «እኛ ጽሑፍ አይደለንም ልጄ፣ ከሐሙሲት ነው የመጣን» አልሁ። ኧረ ያ ሁሉ ሰው መሬት ላይ ወደቀ በሳቅ! ካሜራ የያዘው ካሜራውን ሊጥለው ነበር።

ደራሲው መጣ፣ ጎልማሳ ነው፣ ጨዋ ነው፣ አልዋሽም፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለን። ነገሩን ነገርነው። «አባቴ፣ ልሙት፣ ክፋት የለውም» አለ። «ታዲያ ለምን ሐሙሲትን?» አልሁት። አሰበ፣ አሰበና እውነቱን ነገረኝ። «ጎንደር ብል ሰው አይስቅም፣ ግንቡ ፊቱ ይመጣበታል። ባሕር ዳር ብል ሐይቁ ይመጣበታል። ማንም ሰምቶት የማያውቅ ቀበሌ ብልም የት ነው ብሎ ይጠይቃል እንጂ አይስቅም። የሚያስቅ ስሙን ሁሉ የሚያውቀው፣ አንድም ሰው ያላደረበት ከተማ ነው» አለኝ። «አንተስ እዚያ የምታውቀው ሰው አለ?» «የለም።» «ቢኖርህስ?» «ቢኖረኝማ አያስቀኝም ነበር» አለ። እና ይኸን ስላለኝ አልጠላሁትም፣ እስከ ዛሬም አልጠላውም። ግን አልተቀመጥሁም። እስኪመሽ ቆመን ተመለስን።

በማግስቱም ሄድን። ደራሲው ገና ሲያየን «አባቶች፣ ሌሊቱን አሰብሁበት፣ እቀይረዋለሁ!» አለ። አያ ደሳለኝ ጉልበቱን ያመዋል፣ «ተመስገን!» ብሎ ወደ ወንበሩ ሲሄድ «ደልጊ አደርገዋለሁ» አለ ደራሲው። ደልጊን ታውቃላችሁ፣ ከጣና ማዶ ያለችዋን። የአያ ደሳለኝን ኩታ ጨምድጄ ያዝሁና «ተው! ደልጊም እኮ ሴት ልጅ ይወልዳሉ!» አልሁ። «ምን አገባን በደልጊ? እነሱ የራሳቸውን ሽማግሌ ይላኩ!» አለኝ ተናዶ። መሪጌታ ናቸው የገላገሉን፣ «ከአንዱ አህያ አውርዶ በሌላው መጫን ጽድቅ የለውም ደሳለኝ፣ ቁም» አሉት። ቆመ። እያጉረመረመ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን ስመኝ መጣች። ተማሪዎቿ ናቸው አሉ የነገሯት፣ ሦስት ሽማግሌ ሐይቁ ዳር ተገትሮ ይውላል ብለው። በርቀት ሳያት አረማመዷ ራሱ ቁጣ ነው። «አባየ፣ ምን እያደረጉ ነው? አዋረዱኝ እኮ! ከተማው ሁሉ እያወራ ነው። በእናቴ አጥንት ይዤዎታለሁ፣ እንሂድ» አለችኝ። «መልስ አልተሰጠኝም» አልሁ። «የምን መልስ? እነዚህ ይመልሱልዎታል?» ትጎትተኛለች፣ አልነቃነቅም።

ታዲያ ያ ወፍራሙ ተዋናይ፣ ነገሩን ሊያበርድ ብሎ ይሆናል፣ ዓይኑን አፈጠጠና «እህቴ፣ አንቺም ከሐሙሲት ነሽ እንዴ?» አላት። ልማድ ነውና ሁሉም ሳቀ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አይደለሁም ትላለች ብየ ነው። ልጄ ስትናደድ ድምጿ ይቀንሳል። «አዎ፣ ሐሙሲት ነው የተወለድሁ» አለች። ኧረ እንደገና ሳቁ! «ምኑ ነው ያሳቃችሁ?» አለች። «ንገሩኝ እንጂ፣ እኔም ልሳቅ። እኔ እኮ አብሬ ስቄያለሁ፣ አባቴን ክጄ በሰው ማዕድ ላይ ስቄያለሁ፣ ምኑ እንዳሳቀኝ ግን እስካሁን አላውቅም። እናንተ ታውቁ እንደሆን ብየ ነው።» ያ ሁሉ ሰው፣ አንድ ተነፈሰ እንዳትሉኝ። ያቺ ወረቀት የያዘችው ልጅ ብቻ አቀርቅራ ወረቀቷን ታጣጥፋለች።

ደራሲው ሦስት ወንበር ራሱ ተሸክሞ አመጣ። «ተቀመጡ አባቶች፣ ተቀብያለሁ፣ የማንንም ከተማ አላስገባም» አለ። ተቀመጥሁ። መልሱን የሰጠኝ ግን እሱ አይደለም፣ ልጄ ናት። እንባየ ወረደ፣ ለምን እደብቃችኋለሁ፣ ወረደ።

ቃሉን ጠበቀ? ጠበቀ። ይኸው የምታዩት አሮጌው ክፍል ነው። በአዲሱ ሰውየው «ሞኝ መሰልሁህ እንዴ?» ነው የሚል አሉ፣ ማንም አይስቅም አሉ። እሱ የራሱ ጉዳይ ነው፣ ቀልድ ፍለጋ ይሂድ።

ስመኝ ያንኑ ዕለት ለልጁ እናት ደወለች። ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ሴትየዋ «ልጄ፣ ታዲያ ስንስቅ ምነው አልተቆጣሽንም?» አለቻት አሉ። እና መጡ! ሐሙሲት፣ እኔ ቤት፣ አራት ሽማግሌ፣ ቆመው ጠየቁ፣ እኔም ትንሽ አስቁሜያቸዋለሁ፣ መቆምን ከእኔ ወዲያ ማን ያውቀዋል! ከዚያ ሰጠሁ፣ ተቀመጡ፣ ዓሣው መጣ፣ ጠላው መጣ። የልጁ አጎት ተጫዋች ሰው ነው፣ ስድስተኛውን ዋንጫ ልቀዳለት ስል እጁን በዋንጫው አፍ ላይ ጫነና «ኧረ አታስክሩኝ፣ ከሐሙሲት የመጣሁ መሰላችሁ እን—» ብሎ ቀጥ!

ሰውየው ላብ አጠመቀው። እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። ስመኝ እንጀራ ልትጨምር ገብታ ነበር፣ ቀና አለችና «ገና ነዎት አባባ፣ ማታ ቤትዎ ሲገቡ ነው ከሐሙሲት የሚመጡ» አለችው። ኧረ ሳቅ! መሪጌታ እንኳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔም ሳቅሁ፣ በዚያ ቀልድ የመጀመሪያየ ነው፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ቀልድ አልጠላም ልጆቼ። የተቀለደበት ሰው ማዕዱ ላይ ተቀምጦ መልስ መስጠት ከቻለ፣ እስኪነጋ ቀልዱ። በሌለበት ከሆነ ግን ሽማግሌ አለ፣ መቆም ይችላል። በሉ አሁን ክፈቱት ድራማችሁን።

«ይቅር አያ፣» አለች ከልጆቹ አንዷ፣ «ይልቅ እርስዎስ ደልጊ የሚያውቁት ሰው አለ?»