ከነገ ጀምረህ ዕረፍ

ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ቤት መዋሉ አልሆንልህ ሲለኝ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ባገለገልኩበት ግቢ አጥር ሥር፣ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር ይዤ ለባለጉዳይ ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ። ባለቤቴ «ሰው ከእስር ሲፈታ ከበሩ ይርቃል፤ አንተ በሩ ላይ ሱቅ ከፈትክ» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። እኔ ግን እዚህ ተቀምጬ የማየው ነገር አንዳንድ ቀን ሳቁንም ምሳውንም ይነሳኛል። ይህን የምጽፈውም አንዱን ጉዳይ ከሆዴ ማውጣት ስላቃተኝ ነው።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ዝናቡ ድንገት ሲወርድ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት ሊጠለሉ ወደ ዳሴ ገቡ። ቀና ብዬ ሳይ ጎረቤቴ አባ ቃሌ ናቸው። የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው፤ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን ያሠራሉ፤ አሥራ አንድ ሠራተኛ ያስተዳድራሉ። «አባ ቃሌ» ያልናቸው እኛ የሰፈር ሰዎች ነን። ደንበኛ ውል እንጻፍ ሲላቸው «ምን ሊረባህ? ቃሌ አለ አይደል እንዴ!» እያሉ ስለሚቆጡ ነው። ደግሞም ሐቁን ለመናገር፣ ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም። አብራቸው ያለችው የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሕግ ተምራ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኞችን ጉዳይ ትይዛለች።

ከሰላምታው በኋላ ምን እግር ጣላችሁ ብዬ ጠየቅኩ። አባ ቃሌ ከኮታቸው ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ጥግና ጥጉ ላይ የደረቀ ሙጫ አለበት። ዓይነቱን አውቀዋለሁ። ተከሳሽ መጥሪያ አልቀበልም ሲል በሩ ላይ ይለጠፋል፤ ከተለጠፈ ደግሞ እንደ ደረሰው ይቆጠራል። ቀኑን ሳየው ቀጠሮው ካለፈ ሦስት ወር አልፎታል።

«ከሳሹ ማን ነው?» አልኳቸው።

«ባለመጋዙ» አሉኝ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ባለመጋዙ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአባ ቃሌ ክብ መጋዝ ላይ የቆመ ሰው ነው። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያመላለሰ፣ የባለቤታቸውን የሬሳ ሣጥን በገዛ እጁ ያበጀ ሰው ነው። በእድሜ እኩዮች ነን፤ ስንገናኝ ስለ ጉልበታችን እንቀላለዳለን። እሱ አባ ቃሌን ይከሳል ብሎ የነገረኝ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሂድ ወዲያ ባልኩት ነበር።

የሆነውን ያስረዳችኝ ልጅቱ ናት። ባለፈው ዓመት የባለመጋዙ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቀን ጣውላው አፈትልኮት የመጋዙ ጥርስ ጣቱን ለጥቂት ሳተው። አባ ቃሌ ከበሩ ላይ ሆነው አይተው ክው አሉ። በማግሥቱ ጠርተው «ከነገ ጀምረህ ዕረፍ» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በልባቸው ያለው፣ ይታከም፣ ሲሻለው ከመጋዙ ላይ አውርጄ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ አስረክበዋለሁ የሚል ነበር። ይህን ግን ለእሱም ለማንም አልተነፈሱም።

ጉዱ ያለው ቃሉ ላይ ነው። አባ ቃሌ ሰውን «አባርሬሃለሁ» ማለት ነውር ይመስላቸዋል። ከዚያ በፊት ያሰናበቷቸውን ሦስት ሠራተኞች ሁሉ የሸኟቸው «ዕረፍ» ብለው ነው፤ አንዱም ተመልሶ አልመጣም። ባለመጋዙ ደግሞ ሦስቱም ሲሸኙ አጠገባቸው ቆሞ ሰምቷል። እንግዲህ ምን ይረዳ? ቤቱ ገብቶ ይጠሩኛል ብሎ ተቀመጠ። እሳቸውም ሥራ ቤታቸው ሆነው ሲሻለው ይመጣል ብለው ጠበቁ። አንዱም ስልክ ሳያነሳ አራት ወር ሄደ። በአምስተኛው ወር ክሱ መጣ።

«ፍረደኝ እስቲ» አሉኝ አባ ቃሌ። «ወንድሜ ያልኩት ሰው የፍርድ ቤት መልእክተኛ ላከብኝ። ሠራተኞቼ ሁሉ እያዩ! እሱ አልበቃ ብሎ ፈርም ይለኛል። አልፈርምም ብዬ መለስኩት። ሌባ ነኝ እንዴ እኔ?»

ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አጎቴ፣ መጥሪያ ላይ መፈረም አጥፍቻለሁ ማለት አይደለም» አለች። «ወረቀቱ ደርሶኛል ማለት ብቻ ነው። ክሱን የሚክዱት በመልስዎ ነው። መጥሪያውን ሲቀበሉ ጊዜ ይሰጥዎታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መልስዎን ጽፈው፣ ማስረጃዎንና የምስክሮችዎን ስም አያይዘው ያስገባሉ። ካላስገቡና በቀጠሮው ካልቀረቡ ግን ዳኛዋ ያንዱን ወገን ብቻ ሰምተው ይወስናሉ። ካለ አግባብ አሰናብተውታልና የሚገባውን ይክፈሉ ብለው ወስነዋልም።»

«እውነቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው የለም? እኔ አላባረርኩትም።»

«ዳኛዋ የሰፈራችን ሰው አይደሉም። በሥራ ክርክር ደግሞ ሠራተኛው ተባረርኩ ካለና ነገሩ እውነት ከመሰለ፣ የስንብቱን ምክንያት ወይም አለማሰናበቱን የማስረዳቱ ሸክም አሠሪው ላይ ይወድቃል። ወረቀቱ ሁሉ በአሠሪው እጅ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። እርስዎ ምን ያሳያሉ? ሲቀጠር የተጻፈ ውል አለ?»

«የለም።»

«መጋዙ ጣቱን ለጥቂት የሳተው ዕለት የጻፉት ነገርስ? ሐኪም ዘንድ የላኩበት ደብዳቤ? የዕረፍት ፈቃድ?»

አባ ቃሌ ወደ ዝናቡ ዞሩ። «ወረቀት የሚጻፈው ለማትተማመኚበት ሰው ነው» አሉ። «እኔ እሱን አምነዋለሁ። እሱም ያምነኛል ብዬ ነበር።»

«ወረቀት የሚጻፈውማ ለሚተማመኑ ሰዎች ነው አጎቴ። የማይተማመኑትማ መጀመሪያውኑ አብረው አይሠሩም። እርስዎ ዕረፍ ሲሉ አንድ ነገር አሰቡ፤ እሱ ሌላ ነገር ሰማ። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ግን እርስዎ ያሰቡት ልብዎ ውስጥ ቀረ፣ እሱ የሰማው መዝገብ ላይ ወጣ። አሁንማ ፍርድ ቤቱ የስልክ መልእክት ሳይቀር በማስረጃነት ይቀበላል። "ታክመህ ተመለስ" የምትል አንዲት መስመር ልከውለት ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልተገኘን።»

«ስልክ ላይ መጻፍ መቼ አውቅና!»

«እኔ አውቅ ነበር» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሦስት ጊዜ ምን ልርዳዎት ብዬዎታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ትልቅ ሰው አታስተምሪ አሉኝ።»

እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁትን ነገርኳቸው፤ በክፋታቸው ሳይሆን በኩራታቸው የተረቱ አሠሪዎች ስንት እንደሆኑ፣ መጥሪያን እንደ ስድብ ቆጥረው መሳቢያ ውስጥ የሚቀብሩ፣ የሚጠይቃቸው ሲመጣ «እኔ እኮ ደግ ሰው ነኝ» ብቻ የሚሉ። ደግነት በችሎት አይመዘገብም ብዬ ተቆጣሁ። አባ ቃሌ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ፤ ከሰሰኝ፣ አዋረደኝ፣ ከዚህ ሌላ ወሬ የላቸውም።

በዚህ ጊዜ ልጅቱ ከቦርሳዋ የመዝገቡን ግልባጭ አውጥታ ዘረጋችልኝ። ወረቀቱን ከእጇ ተቀብዬ እኔ አነበብኩላቸው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛዋ ባለመጋዙን ምን እንዲወሰንልዎ ይፈልጋሉ ብለውታል። እንዲህ ነው ያለው፦ «ወደ ሥራዬ ልመለስ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ዛሬ ባይመጡ ለሚቀጥለው ይመጣሉ። እዚህ ቆመው ና ካሉኝ ይበቃኛል፤ ወረቀትም አያስፈልገኝም።»

የሁለተኛው ቀጠሮ ቃሉ አጭር ነው፦ «ዛሬም አልመጡም። እንግዲህ አልመለስም። የሚገባኝ ይወሰንልኝና ልሂድ።»

አባ ቃሌ አንዴ ድገምልኝ አሉኝ። ደገምኩላቸው። ከዚያ ባለጉዳይ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ሲጠብቀኝ ነበር» አሉ። «እኔ ሲከሰኝ ነው የመሰለኝ፣ እሱ ለካ ሲጠራኝ ነው።» ልጅቱ ትከሻቸውን ያዘች። ከዚያ ወዲያ ስለ ወረቀት ጥቅም ማንም ማንንም ማሳመን አላስፈለገውም።

ማመልከቻ ጻፍልኝ አሉኝ። በሌሉበት የተሰጠ ፍርድ ተነስቶ ክርክሩ እንደገና እንዲሰማ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ሳይቀርቡ የቀሩበት በቂ ምክንያት መኖር አለበት። እኔ ከንቱ፣ ሆዴ ባብቶ፣ ታመው ነበር እንበል ይሆን ብዬ አፌ አመለጠኝ። አባ ቃሌ ቀና ብለው አዩኝ። «የሆነውን ጻፍ» አሉ። የሆነውን ጻፍኩ። እየጻፍኩ ሳለ እንደማይሆን አውቀው ነበር።

በቀጠሮው ቀን እኔም ችሎቱ ውስጥ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዳኛዋ ትሑት ናቸው፤ ለምን አልቀረቡም ብለው በእርጋታ ጠየቁ። አባ ቃሌ «አፍሬ» አሉ። «መልእክተኛውን ሠራተኞቼ ፊት አፍሬ መለስኩት። አሁን የመጣሁት ሰውየው ሥራው ላይ እንዲመለስልኝ ነው።» ዳኛዋም «ይህን በመጀመሪያው ቀጠሮ እዚህ ቆመው ቢናገሩ ኖሮ ጉዳዩ በዚያው ቀን በስምምነት ያልቅ ነበር» አሉ። ማፈር በቂ ምክንያት ስላልሆነ ማመልከቻው ውድቅ ተደረገ፤ ሆኖም በስምምነት ልትጨርሱ ብትፈልጉ ፍርዱ አያግዳችሁም ብለው ወደ ባለመጋዙ ዞሩ።

ባለመጋዙ ተነሳ። እጁ እንዳይታይበት ከጀርባው ይዞታል። «ክብርት ሆይ፣ ሁለት ቀጠሮ ሙሉ ያንን በር ሳይ ዋልኩ» አለ። «ሰው በገባ ቁጥር ከወንበሬ ተነስቻለሁ። አሁን ልቤ እሺ አይለኝም። ቂም የለኝም፤ ግን አልመለስም።» ተቀመጠ። ጸሐፊዋ ቀጣዩን መዝገብ ጠራች።

ኮሪደሩ ላይ አባ ቃሌ ተጠግተው ስሙን ጠሩት። እሱም በአክብሮት ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንድ የሚያስቸግራቸው ነገር ብቻ እንዳለ ነገራቸው፤ አንድ መጋዘን በጥበቃ ሊቀጥረው ስላለ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይጻፍለት። አባ ቃሌ እሺ አሉ።

እንግዲህ አሠሪ የሆንክ ወንድሜ፣ አሠሪ የሆንሽ እህቴ፣ ይህን አንብባችሁ ከንፈር መጥጣችሁ ብቻ እንዳታልፉ። አባ ቃሌ በዚያው ሳምንት ልጅቱን አስቀምጠው ለቀሩት አሥር ሠራተኞች ውል አጻፉ። ለእያንዳንዱ አንድ ፋይል ተከፈተ። አሁን ዕረፍት የሚወጣ ሰው የሚመለስበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ያጠፋ ሰው ጥፋቱ ተጽፎ ይሰጠዋል፣ የራሱም መልስ አብሮ ይቀመጣል። መጥሪያ ቢመጣ ማን ፈርሞ እንደሚቀበል፣ በዚያው ቀን ለማን እንደሚደወል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ባለፈው ወር አንድ ቀለም ቀቢ ቅር ብሎት ሊከስ ሲል፣ ፋይሉን አውጥተው አብረው አነበቡና ነገሩ እዚያው ተፈታ፤ ቀቢው በማግሥቱ ሥራው ላይ ነበር። ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ሰው ከሰው ጋር ሳይቀያየም ያድራል። ይህን ስጽፍ ግን ደስ አይለኝም። ያ መጋዝ አጠገብ የቆመው አሁን ሌላ ሰው ነው።

ደብዳቤው የተሰጠ ዕለት ከሰዓት በኋላ እኔም ሥራ ቤቱ ነበርኩ። አባ ቃሌ ልጅቱ ባመጣችው ቅጽ ላይ በራሳቸው እጅ ሞሉት። ስም፣ የሥራ ዓይነት፣ ከመቼ እስከ መቼ። «ከሥራ የተለየበት ምክንያት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ «እኔ ስላልነገርኩት» ብለው ጻፉ።

ባለመጋዙ መጥቶ ቆሞ አነበበው፤ ወረቀቱ በእጁ ላይ ይርገበገባል። አንብቦ ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አኖረው።

«ጋሼ፣ ይህችን መስመር ይለውጡልኝ» አለ። «እንዲህ ተጽፎ ያየ ሰው ነገር ያለብኝ ይመስለዋል፤ አይቀጥረኝም። በራሱ ፈቃድ ለቀቀ ይበሉልኝ።»

«በፈቃድህ ነው እንዴ የለቀቅከው?»

«ይበሉልኝ ጋሼ።»

አባ ቃሌ አዲስ ቅጽ አውጥተው እንዳለው ጻፉለት፤ ፈርመው ማኅተም መቱበት። እሱም አመስግኖ፣ ለቅጂው ትንሽ ጠብቆ፣ ዋናውን አጥፎ ከደረት ኪሱ ከተተና ወጣ። ልጅቱ የባለመጋዙን ፋይል ከፍታ አንዱ ቅጂ እዚህ መግባት አለበት አለች።

«የትኛው?» አሉ አባ ቃሌ።

ልጅቱ ቀስ ብላ «የተፈረመበት ነው የሚገባው» አለቻቸው። የተፈረመበትን ቅጂ ፋይሉ ውስጥ አስገቡ። ያንን የመጀመሪያውን ግን የሚያኖሩበት ቦታ አጡለት።