የኮምፒውተሩን ስም አልቀይርም አልኩ

እንጅባራ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ኃላፊያችን አንድ ጠዋት ቢሯቸው አስጠሩኝና በሩን ዘጉት። የቅጥር ፈተና ውጤት ከጋራው ፎልደር ጠፍቶ ኦዲተሮች ሊመጡ ነው። በኔትወርካችን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ስም አለው፤ ፋይል ያጠፋ ሁሉ በዚያ ስም ይመዘገባል። «የእኔን ኮምፒውተር ስም ለመዝገብ ቤቷ ለወይዘሮ የሺ ስጪው፣ የእሷን ለእኔ» አሉኝ። ገባኝ። ውጤቱን ያጠፉት እሳቸው ናቸው፤ ስሙ ከተለዋወጠ መዝገቡ የሚያሳየው የወይዘሮ የሺን ኮምፒውተር ነው፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው እናት በእሳቸው ፈንታ ሊጠየቁ ነው።

«አላደርገውም» አልኳቸው። «ስም መቀየር ሥራሽ አይደለም እንዴ?» አሉ። «ሥራዬ ነው። ሰው ላይ ማላከክ ግን ሥራዬ አይደለም።» «ጫግኒ ቅርንጫፋችን ሰው ይፈልጋል፤ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «እንግዲያው ደብዳቤውን ይጻፉልኝ!» ብዬ ወጣሁ። መዝገቡን እንዳለ ፕሪንት አድርጌ፣ ፈርሜበት ለኦዲተሮቹ ሰጠሁ። ወይዘሮ የሺን የጠየቃቸው የለም። የእኔ የዝውውር ደብዳቤ ግን በሳምንቱ ደረሰ፤ ሻንጣዬን ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ጫግኒ ወረድኩ። አዲሱ አለቃዬ ገና ወንበር ሳይሰጠኝ «ለምን ተዛወርሽ?» አለኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ማንን እንደተቀበለ ከመጀመሪያው ይወቅ ብዬ።