ያልደረሰችው ብጣሽ ወረቀት

ባንቺአየሁ ጀሊላን ያየቻት ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ጀልባ ከቁንዝላ ሊነሣ ሲል ነው። አይታም ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናነበች። ሰው በማያውቀው ሰው አይቀናም፤ የሚቀናው አብሮት ባደገ፣ አብሮት ቆሎ በቆረጠመ ነው። እነዚህ ሁለት ሴቶች ደግሞ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል። ያን ጊዜ አንደኛ የምትወጣው ባንቺአየሁ ነበረች፤ የጨርቅ ነጋዴው የኑርሑሴን ልጅ ጀሊላ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነበረች። ዛሬ ባንቺአየሁ ዓሣ ሰንጥቃ ታደርቃለች፤ ጀሊላ ባሕር ዳር የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናት።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባንቺአየሁ ችላው ትኖር ነበር። ግን የመጨረሻ ልጇ ሔራን አክስቷ ቤት ተቀምጣ የምትማረው እዚያው ትምህርት ቤት ነው። ለእረፍት በመጣች ቁጥር «መምህርት ጀሊላ እንዲህ አለች፣ መምህርት ጀሊላ እንዲያ አለች» ስትል የእናቷ አንጀት ያራል። ቦታዬን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ ልጄን፣ ትላለች በሆዷ። ስለዚህ ልጅቱን ከትምህርት ልታስወጣ ተነሥታለች። ሐሳቧ ማመልከቻውን ለጸሐፊዋ ጥላ፣ ጀሊላን ሳታይ፣ መልቀቂያውን ይዛ መመለስ ነበር።

ነጠላው ግን አላዳናትም። ጀልባው ሞልቶ ኖሮ አባቷን ጠይቃ የምትመለሰው ጀሊላ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ባንቺአየሁ አይደለሽም?»

«ነኝ። እንደምን ሰነበቱ?»

«ምነው፣ እኔን ነው አንቱ የምትይኝ?»

«ለባለሥልጣን አንቱታ ይገባል» አለች ባንቺአየሁ። አክብሮት ይመስላል፤ እሾህ ነበረበት። ዓይኗ የጀሊላን ጫማና መነጽር አልፎ ቀኝ እጇ ላይ አረፈ። ያንገበገባት የአንገቷ ወርቅ አልነበረም፤ ጣቷ ላይ የቀረው የእስክሪብቶ ቀለም ነው።

ወዴት እንደምትሄድ ብትጠየቅ መደበቁን ናቀችው። ማመልከቻውን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠቻት። ጀሊላ መነጽሯን አስተካክላ አነበበችና ረዘም ላለ ጊዜ ወረቀቱን አየችው።

«ማን ጻፈልሽ?»

«ራሴ። ምነው፣ የተሳሳተ ፊደል አገኙበት?»

«የለበትም። እጅሽ ዛሬም ያምራል። ለመሆኑ ሔራን ምን አጠፋች?»

«ምንም። ከተማ ልጅ ያበላሻል፤ ሳትበላሽ ልውሰዳት ብዬ ነው። ደግሞ የጨዋ ልጅ ጠይቋታል።»

«ልጅ የሚያበላሸው ጠያቂ ማጣት ነው። አንቺ በየጊዜው እየመጣሽ ብትጠይቂያት ከተማው ምን ያደርጋታል? ባል ከሆነ ይቆያል፤ ይኸኛው ባይቆይ ሌላ ይመጣል። ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጣ፣ ወልዳ ተመልሳ የጨረሰች ግን ስንት አየሽ? ደግሞስ ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናትን ልጅ መዳር ሕጉ ይፈቅዳል? ገላዋስ ለምጥ ጠንቷል? አንቺ የመጀመሪያ ልጅሽን ስትወልጅ ስንት ቀን አማጥሽ?»

ባንቺአየሁ ሦስት ቀን አምጣለች።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ፣ ይባላል» አለች።

«ይባላል። ገበያ መሐል አባቴን በዚህ ተረት ሲስቁበት ሰምቻለሁ። ሴት ልጅህን አስተምረህ ለማን ልትጠቅም ነው ይሉት ነበር። ዛሬ ዓይኑ ፈዟል፤ የስኳር መድኃኒቱን መጥኖ የሚሰጠውን ልጅ ያስተማርሁ እኔ፣ ሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ። ከሳቁት አንዱ በቀደም መጥቶ የልጅ ልጁን እንዳስገባለት ለመነኝ፤ ሴት ልጅ ናት። ባልሽ ደሞዝስ ምን ይላል?»

«እሱማ ትማር ባይ ነው።»

«ታዲያ ትውጣ ያለ ማን ነው?»

አንባቢ ሆይ፣ ምክንያት ሲያልቅ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይቆጣል፣ ወይ እውነቱን ይናገራል። ባንቺአየሁ መጀመሪያ ተቆጣች። ቀጥሎ ድምፅዋ ወረደ።

«ለጥምቀት መጥታ ነበር። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከወረዳ የመጣ ወረቀት ተገኘና አንባቢ ጠፋ። ሔራን ተነሥታ አነበበችው። ሰዉ አጨበጨበ። ደሞዝም ‹ልጅ ማለት እንዲህ ነው› አለ፤ ዕንባው መጣ። እኔ ከኋላ ቁሜ ነበር። ያን ወረቀት እኔም አነበው ነበር እኮ። ሃያ ስድስት ዓመት ከዚያ ሰውዬ ጋር ስኖር አንድ ቀን አንብቢ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያን ቀን ወዲያ የልጄን ደብተር ማየት አልቻልሁም። ይኸው፤ ደስ ይበልዎ።»

ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ ነው ይላል መጽሐፉ። ነቀዝ ደግሞ እህሉን የሚጨርሰው ከውስጥ ስለሆነ፣ ባለቤቱ የሚያውቀው እህሉ ዱቄት ከሆነ በኋላ ነው። ጀሊላ ይህን ስትሰማ ልትገሥጻት ይገባ ነበር፤ የተማረ ሰው ወጉ ይኸው አይደል? እርሷ ግን መነጽሯን አወለቀች።

«የሠርግሽ ሳምንት ብጣሽ ወረቀት ሰጥተሽኝ ነበር» አለች። «ለመምህር ምናሴ ስጪልኝ ብለሽ።»

«‹እሑድ ሊድሩኝ ነው። መማር እፈልጋለሁ። አባቴን ያናግሩልኝ›» አለች ባንቺአየሁ፤ ቃሉ አንድም አልጠፋትም። «አንብቦ ዝም አለኝ። ያንን መምህር እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።»

«አላነበበውም። አልሰጠሁትም። ከዚያ በፊት የአንዲት ልጅ ሠርግ አስቁሞ ነበር፤ ቢያነበው ይሄድ ነበር። ደብተሬ ውስጥ ከትቼ ነገ እሰጣለሁ አልሁ፤ ነገም አልሰጠሁ። በሰኔ ‹አንደኛ ጀሊላ ኑርሑሴን› ተብሎ ተጠራ። አልዋሽሽም፤ ደስ አለኝ። ደስታው አንድ ክረምት አልቆየም፤ ፀፀቱ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።»

የባንቺአየሁ የመጀመሪያ ሐሳብ ያን ቦርሳ ነጥቃ ጣና ውስጥ መወርወር ነበር። እጇም ተንቀሳቅሶ ነበር። ዓይኗ ግን በጀሊላ ጭን ላይ በተዘረጋው ማመልከቻ ላይ ወደቀ፤ ያው እጅ፣ ያው ጽሕፈት። ከዚያች ብጣሽ ወዲህ ወረቀት ላይ ስትጽፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለች።

«ዐሥራ ሁለት።»

«እኔ ሠላሳ ስምንት ሞልቶኛል። አንቺ ሕፃን ሁነሽ በባልንጀራሽ ቀናሽ። እኔ እናት ሁኜ በልጄ ቀናሁ። የማን ይብሳል?»

ጀሊላ ይቅርታ ጠየቀች። ባንቺአየሁም ይቅር ብዬሻለሁ ለማለት አፏን ከፍታ ልቧ እንቢ አላት፤ «እሱ ይቆየን» ብላ ተወችው። ይህ ሐቀኛ መልስ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ንግግር ክርክር አልነበረም። ባንቺአየሁ ጠየቀች፤ ጀሊላ መለሰች። የጨረሰች ልጅ ባሏን ራሷ ትመርጣለች፤ ስታረግዝ ጤና ጣቢያ መሄጃዋን ታውቃለች፤ ልጆቿን ማንም ከትምህርት አያስቀርባትም። ለእናቷም ቢሆን ሔራን ያነበበችው ወረቀት የእናቷን ዕውቀት አልቀነሰም፤ የቀነሰው በልጅነቷ ትምህርቱን መቀማቷ ነው። ያቋረጡ እናቶች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚማሩበት ክፍል ቁንዝላ ውስጥ እንደተከፈተም ነገረቻት። ባንቺአየሁ ይህን የመጨረሻውን ያልሰማች መሰለች፤ የትምህርቱን ሰዓት ግን ሁለት ጊዜ ጠየቀች።

ጀልባው ባሕር ዳር ሲጠጋ፣ እናቷ ልታስወጣት እንደምትመጣ አስቀድሞ የተነገራት ሔራን ወደቡ ላይ ቆማ ነበር። መጻሕፍቷን ለመመለስ በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች፤ ዓይኗ አብጧል። እናትየው አየቻት። ደብተር ታቅፋ የሠርጓን ቀን የጠበቀች አንዲት ሌላ ልጅ ትዝ አለቻት።

«እስክሪብቶሽን» አለች ጀሊላን።

ማመልከቻውን ከእጇ ተቀብላ ገለበጠችና ጭኗ ላይ አስደግፋ ከጀርባው ጻፈች፦ «ልጄ ትማር። እናቷ ባንቺአየሁ።» አጥፋ ለጀሊላ ሰጠቻት፤ ስትሰጥም እጇን ቶሎ አልለቀቀቻትም።

«ይችን እንኳ አድርሻት» አለቻት።